አባቴ «ሥርዓት ነው» ይላሉ፤ ልጄ «አልገባኝም» ትላለች

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ ነው። ዕድሜዬ 46 ሲሆን ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ያደግሁት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ ላለፉት 20 ዓመታት በሰንበት ትምህርት ቤት አገልግያለሁ፤ አሁን ደግሞ ከምእመናን ወገን ተመርጬ የአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ለ40 ዓመት ያህል በየፍልሰታው የውዳሴ ማርያምን ትርጓሜ ለሕዝቡ ሲያስተምሩ ኖረው፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ዓይናቸው ማየት ሲሳነው አቆሙ። አሁን 81 ዓመታቸው ነው።

ባለፉት ሁለት ዓመታት ከሰንበት ትምህርት ቤታችን 11 ወጣቶች ቀርተውብናል። አራቱ ወደ ፕሮቴስታንት ቤተ እምነት መሄዳቸውን እናውቃለን፤ የቀሩት ዝም ብለው ነው የጠፉት። ያሉት ወጣቶች ተሰብስበው ለሰበካ ጉባኤው ሦስት ጥያቄ አቀረቡ። አንደኛው በቅዳሴ ሰዓት የግእዙን ትርጉም በአማርኛ የሚያሳይ ስክሪን እንዲሰቀል ነው። ሁለተኛው ከገጠርና ከከተማው ዳር ለሚመጡ ልጆች በአፋን ኦሮሞ ስብከትና የጥያቄና መልስ ጊዜ እንዲኖር ነው። ሦስተኛው ሱሪ የለበሰች ሴት ከበር እንዳትመለስ ነው፤ ይህ የተነሣው ከሥራ በቀጥታ ለሠርክ ጸሎት የመጣች አንዲት ልጅ በሰው ፊት ከበር ስለ ተመለሰች ነው። ከዚያ ወዲህ ልጅቱን አላየናትም።

አባቴ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ዛሬ ስክሪን የሰቀለ ነገ ጊታር ያስገባል፤ እኛ የምናስተምረው የተቀበልነውን እንጂ የተመቸንን አይደለም» አሉ። የ19 ዓመቷ ልጄ ከጠያቂዎቹ አንዷ ናት። ባለፈው ፍልሰታ ከቅዳሴ መልስ ቤት ውስጥ ክርክር ተነሥቶ፣ «አባባ፣ ሦስት ሰዓት ቆሜ ምንም አይገባኝም፤ በዓመት ውስጥ የሚገባኝ እነዚህ ሁለት ሳምንታት ብቻ ናቸው» አለቻቸው። እንደ ስድብ ቆጠሩት። ድሮ እጃቸውን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትወስዳቸው እርሷ ነበረች፤ አሁን የጎረቤት ልጅ ነው የሚወስዳቸው። ሰላምታ ይለዋወጣሉ እንጂ አይነጋገሩም።

ሰበካ ጉባኤው በሰኔ መጨረሻ ተሰብስቦ ይወስናል። ወጣቶቹን ብደግፍ አባቴን በቁማቸው የቀበርኋቸው ይመስለኛል፤ ብቃወም ልጄ እንደ ቀሩት ልጆች እንዳትቀር እፈራለሁ። ለተቀበሉት ታማኝ መሆንና ዘመኑን መረዳት አብረው መሄድ አይችሉም ማለት ነው? ምን ላድርግ?

ወለተ ሚካኤል፣ ከድሬዳዋ


እኅቴ ወለተ ሚካኤል፣

ከሁለት ከሚወዷቸው ሰዎች መካከል ቆሞ እጅ ማውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ከደብዳቤዎ ይነበባል። ስለ ስክሪኑም፣ ስለ ቋንቋውም፣ ስለ ሱሪውም የማስበውን እጽፍልዎታለሁ፤ ነገር ግን አስቀድሜ ልጅዎ ለአያቷ በተናገረችው ቃል ላይ ጥቂት እንድቆይ ይፍቀዱልኝ። «ምንም አይገባኝም» ካለች በኋላ «የሚገባኝ እነዚህ ሁለት ሳምንታት ብቻ ናቸው» አለች። አባትዎ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰምተው እንደ ቆሰሉ ግልጽ ነው። ሁለተኛውን ግማሽ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ማን ሰማው?

በፍልሰታ የሚሆነውን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾማሉ፣ በየዕለቱ ይቀደሳል፣ ሕዝቡም ተቀምጦ የውዳሴ ማርያምንና የቅዳሴ ማርያምን ትርጓሜ ይሰማል። መምህሩ ከግእዙ ንባብ አንድ ሐረግ ያሰማል፤ ከዚያ በአማርኛ ይፈታዋል፤ «አንድም» ብሎ ሌላ መንገድ ይከፍታል፤ ታሪክ ይነግራል፣ ምሳሌ ያመጣል፣ እንደገና «አንድም» ይላል። ልጅዎ የሚገባኝ ያለችው ይህንን ነው። አምና ያስተማረው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ከሕፃንነቷ እስከ 16 ዓመቷ በየነሐሴው ጆሮዋን ያሠለጠኑት አያቷ ናቸው። እንግዲህ በንዴት ቃል ይሁን እንጂ የነገረቻቸው፣ እርሳቸው ሕይወታቸውን የሰጡበት ሥራ በእርሷ ላይ ፍሬ ማፍራቱን ነው። ስድብ መስሎ የተሰማቸው ምናልባት ሊቀበሉት ከሚችሉት ምስጋና ሁሉ ትልቁ ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ በድፍረት ብናገረው ይቅር ይበሉኝ። አባትዎ ማየት ተስኗቸዋል። ስክሪን ማለት በዚያ ቅጥር ከሚቆመው ሕዝብ መካከል እርሳቸው የማያዩት ነገር ነው። ለ40 ዓመት በአንደበታቸው ሲያደርጉት የኖሩትን፣ ማለትም ግእዙን ለሕዝቡ መፍታትን፣ አሁን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል መሣሪያ ሊሠራው ነው ተባለ። ወጣቶቹ ይህን አስበው እንዳልጠየቁ አምናለሁ፤ እርስዎም ቢሆኑ ነገሩን በዚህ በኩል ያዩት አይመስለኝም። ነገር ግን ማስተማር ካቆሙ ወዲህ ነሐሴ እንዴት እንደሚያልፍላቸው ጠይቀዋቸው ያውቃሉ? ስለ ሥርዓት የሚደረግ ክርክር አንዳንድ ጊዜ ውስጡ ኀዘን አለበት፤ ኀዘንን ደግሞ በጥቅስ መርታት አይቻልም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ታማኝነትና ዘመንን መረዳት አብረው ይሄዳሉ ወይ ላሉት፣ መልሱን ከአባትዎ ቤት ርቄ መፈለግ አላስፈለገኝም። ቅዱሳት መጻሕፍት ከጽርእ (ከግሪክ) እና ከሌሎች ቋንቋዎች ወደ ግእዝ የተመለሱት በአክሱም ዘመን ሕዝቡ የሚናገረው ግእዝ ስለ ነበር ነው፤ ተስዐቱ (ዘጠኙ) ቅዱሳንም በዚህ ሥራ ስማቸው ይነሣል። እኛ ዛሬ የጥንትነት መለያ አድርገን የምናየው ቋንቋ፣ በዚያን ጊዜ እናት ለልጇ የምትናገርበት የዕለት ቋንቋ ነበር። ከዘመናት በኋላ ግእዝ ከሕዝቡ አፍ ሲርቅ ሊቃውንቱ ንባቡን አልጣሉትም፤ ሕዝቡንም ባዶ እጁን አልሰደዱትም። ንባቡን በግእዝ እንዳለ ጠበቁ፣ ትርጓሜውን ግን በአማርኛ አደረጉት፤ በጎንደር ዘመን የጸናው የአንድምታ ጉባኤ የዚህ ውጤት ነው። አባትዎ «የተቀበልነውን» ሲሉ፣ ከተቀበሉት አንዱ ይህ ልማድ ራሱ ነው፤ ንባቡ ይጸናል፣ ትርጓሜው ሰሚው ወዳለበት ይሄዳል። ይህን ከእኔ ይልቅ እርሳቸው አሳምረው ሊያስረዱዎት ይችላሉ፤ ደግሞም እንዲያስረዱዎት ቢጠይቋቸው ደስ ይለኛል።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ም ይታወሰኛል። ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ሲጠይቀው፣ ሰውየው የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል ብሎ መለሰ። ፊልጶስ መጽሐፉን በቀላል መጽሐፍ አልለወጠበትም፤ አለማስተዋሉንም እንደ ንቀት አልቆጠረበትም። ሠረገላው ላይ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ልጅዎ «አልገባኝም» ስትል ከዚያ ጃንደረባ የተለየ ነገር ተናገረች ይላሉ?

ይሁን እንጂ የአባትዎን ሥጋት «የሽማግሌ ግትርነት ነው» ብለው እንዳያልፉት አደራ እላለሁ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1962 እስከ 1965 ከተደረገው 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ፣ በላቲን ሲፈጸም የኖረው ሥርዓተ ቅዳሴዋ በየአገሩ ቋንቋ እንዲሆን አደረገች። እጅግ ብዙ ሰው የሚጸልየውን በገዛ ቋንቋው ሰማ፤ ይህ ቀላል በረከት አይደለም። በሌላ በኩል የጥንቱ ዜማ ከብዙ አጥቢያዎች ጠፋ፤ በአውሮፓም የቋንቋው መቅለል ብቻውን ወጣቱን በቤተ ክርስቲያን አላቆየውም። እዚሁ ከተማችን ያሉ ወንጌላውያን ወዳጆቼም ስብከታቸው በአማርኛና በኦሮምኛ፣ መዝሙራቸው በኪቦርድ ሆኖ ሳለ፣ ስለ ልጆቻቸው መራቅ ከእርስዎ ባልተለየ ቃል ሲያዝኑ ሰምቻቸዋለሁ። ስለዚህ ስክሪኑ ቢሰቀል 11ዱ ይመለሳሉ ብሎ ማንም ተስፋ እንዳይሰጥዎ፤ ወጣቶቹም ለራሳቸው ይህን ተስፋ እንዳይሰጡ በቀስታ ይንገሯቸው።

ሐረር ባደግሁበት ቤት ፊደል ያልቆጠረች አያት ነበረችኝ። ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲል እጇን ዘርግታ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ብላ ትመልስ ነበር። ምን ማለት እንደ ሆነ ብጠይቃት «ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ ሲለን፣ አምላካችን ዘንድ ነው እንለዋለን» አለችኝ። ከማን እንደ ተማረችው ሳልጠይቃት ሞተች። በግእዙ ውስጥ የምትወደው ነገር ነበር፤ ያ ነገር ቃሉን በመፍታት ብቻ የሚገኝ አይመስለኝም፤ ነገር ግን አንድ ቀን አንድ ሰው ባይፈታላት ኖሮ የእርሷ ይሆን ነበር ብዬም አላስብም። ይህን የምነግርዎ ሁለቱም፣ አባትዎና ልጅዎ፣ ከያዙት ነገር ላይ እውነት እንዳለ ስለማስብ ነው።

ሰበካ ጉባኤው ለመወያየት ሲቀመጥ ከ«ይፈቀድ፣ አይፈቀድ» በፊት አንድ ጥያቄ እንዲነሣ ቢያደርጉ መልካም ነው፤ ይህ የቀረበው ነገር ዶግማ ነው፣ ቀኖና ነው ወይስ ልማድ? ይህን ሚዛን የፈጠርሁት እኔ አይደለሁም፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ሲያስተምሩት የኖሩት ነው። ዶግማ የእምነቱ መሠረት ነው፤ አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። ቀኖና ግን የቤተ ክርስቲያን የሥርዓት ደንብ ነው፤ ሥልጣን ባለው ጉባኤ ሊሻሻል ይችላል። ልማድ ደግሞ ከሁለቱም በታች ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሁለቱም በላይ የሚያጣላን እርሱ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጳጳስ ከግብፅ ስታስመጣ ኖራ በ1951 ዓ.ም. በአቡነ ባስልዮስ የራሷን ፓትርያርክ ስታገኝ ያን ያህል ዘመን የቆየ አሠራር ተለወጠ፤ ሃይማኖቷ ግን ያው ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ብዙ ምእመናን የትንሣኤን ቅዳሴ በቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን ተከታተሉ፤ አባትዎም ከእነርሱ አንዱ ሳይሆኑ አይቀሩም። (ይህን ግን እባክዎ እርሳቸውን ለመርቻ አይጠቀሙበት፤ በጭንቅ ቀን የተደረገን ነገር በክርክር ቀን መምዘዝ ደግ አይደለም።)

ሚዛኑ ፈጣን መልስ ይሰጣል እያልሁዎ አይደለም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መነኩሴ በአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርትና በሌሎች መካከል ስለ ቀዳሚት ሰንበት፣ ማለትም ቅዳሜን ስለ ማክበር፣ የተነሣው ክርክር፣ አንዱ ወገን ከክህነት እስከ መከልከል ደርሶበት፣ ዕልባት ያገኘው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው። ያን ጊዜ ከሁለቱም ወገን ያሉት ራሳቸውን ታማኝ አድርገው ያዩ ነበር። እናንተ ከሰኔ በፊት አትጨርሱ ይሆናል፤ ባትጨርሱም ቤተ ክርስቲያን አትፈርስም።

ስለ ስክሪኑ ብዙ አልናገርም። የግእዙንና የአማርኛውን ትርጉም ጎን ለጎን ያተመ መጽሐፈ ቅዳሴ ከድሮ ጀምሮ በእጃችን ስላለ፣ ትርጉሙን ማንበብ በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ጥያቄው መሣሪያው የሰውን ዓይን ከመቅደሱ ይስባል አይስብም የሚል ነው፤ በዚህም ላይ ውሳኔው የእርስዎና የባልደረቦችዎ ብቻ አይደለም። ሰበካ ጉባኤ አጥቢያውን ያስተዳድራል እንጂ የቅዳሴን ሥርዓት አይደነግግም። ጉዳዩ በአጥቢያው አስተዳዳሪ በኩል ወደ ሀገረ ስብከቱ መቅረብ ያለበት ከሆነ እንዲቀርብ ይጠይቁ፤ ስለዚህ በሰኔ መጨረሻ የሚያወጡት እጅ እርስዎ የፈሩትን ያህል ከባድ ሸክም የለበትም። እስከዚያው መጽሐፉን ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ማዳረስ፣ ከቅዳሴ በፊትም በሳምንት አንድ ክፍል እየፈቱ ማስጠናት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ይህን እስከ ዛሬ ያልጀመራችሁት ለምን እንደ ሆነ ግን እኔም መጠየቅ እፈልጋለሁ።

የአፋን ኦሮሞው ጥያቄ ከበድ ይላል፤ ከበድ የሚለውም በሥርዓት በኩል አይደለም። ስብከት ለሰሚው በሚሰማው ቋንቋ ይሁን መባሉ ከበዓለ ኀምሳ ቀን ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ጠባይ ነው። ድሬዳዋም በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪኛና ዐረብኛ በአንድ ገበያ የሚሰማባት ከተማ ናት፤ ቀፊራ ወርዶ በአንድ ቋንቋ ብቻ ገበያውን ጨርሶ የሚመለስ ሰው ብዙ አይደለም። ነገር ግን በጥር 2015 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱን ያናወጠው ጉዳይ፣ ማለትም ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ የተደረገው የጳጳሳት ሹመት፣ ከተነሣ ወዲህ ቋንቋ ሲነሣ ሰዎች ከቋንቋው በላይ ሌላ ነገር ይሰማሉ። ስለዚህ ጥያቄው በስብሰባው ላይ ከሌሎቹ ሁለት ጥያቄዎች ጋር ተጠቅልሎ እንዳይቀርብ፣ ራሱን ችሎ፣ በልጆቹ ስም እንዲቀርብ ያድርጉ፤ ስንት ልጆች ናቸው፣ ከየት ይመጣሉ፣ አሁን ማን ያስተምራቸዋል? በቋንቋውም በትምህርቱም የበቃ ሰባኪ አለን ወይስ ሀገረ ስብከቱን እንጠይቅ? ሰባኪ ሳይገኝ የተወሰነ ውሳኔ ልጆቹን ሁለተኛ ጊዜ ያሳዝናቸዋል።

በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ግን ልቆይ ነው፤ ምክንያቱም ከደብዳቤዎ ሁሉ ያሳዘነኝ እርሱ ነው። አንዲት ልጅ ቀኑን ሙሉ ሠርታ፣ በድሬ ሙቀት፣ ቤቷ ሄዳ ከማረፍ ይልቅ ለሠርክ ጸሎት መጣች። በሰው ፊት ተመለሰች። «ከዚያ ወዲህ አላየናትም» ብለው ጽፈውልኛል። እኅቴ፣ ማን ፈለጋት? ስለ እርሷ ወጣቶቹ አጀንዳ አስያዙ፣ ሽማግሌዎቹ ስለ አለባበስ ከኦሪት ጠቀሱ ብዬ እገምታለሁ፣ እናንተም ቀን ቆርጣችሁ ልትወስኑ ነው፤ እርሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቷ ናት። እባክዎ ከስብሰባው በፊት ይሂዱላት። ብቻዎን ባይሆን፣ ከልጅዎ ጋር ቢሆን ይመረጣል። ሄደው ሊያስረዷት ወይም የበሩን ጥበቃ ሊከላከሉለት አይሞክሩ፤ ቡናዋን ጠጥተው፣ የደረሰባትን ከእርሷ አፍ ሰምተው፣ ስለ ቤቱ ስም ይቅርታ ጠይቀው ይመለሱ። ተመልሳ ትምጣ አትምጣ የእርሷ ነው። ለበሩ ደግሞ መፍትሔው የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ ሁለት ሦስት ንጹሕ ነጠላና ሽርጥ በአንዲት እናት እጅ በበሩ አጠገብ ቢቀመጥ፣ የመጣችውን ልጅ የሚቀበላት ጥበቃ ሳይሆን እርሷ ብትሆን፣ ደንቡም ይከበራል፣ ልጅቱም አትዋረድም። ሽርጥ በየቤቱ በሞላበት ከተማ ይህ እንዴት ሳይታሰብ ቀረ?

ስለ ቀሩት ወጣቶችም አንድ ነገር ልበል። ወደ ሌላ ቤተ እምነት የሄዱት አራቱ የት እንዳሉ ታውቃላችሁ፤ ስለ ሰባቱ የጻፉልኝ «ዝም ብለው ነው የጠፉት» ብቻ ነው። እሑድ ከሰዓት በርጫ ላይ ይሆኑ ይሆን፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ጂቡቲ መስመር ሄደው ይሆን፣ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ያስታምሙ ይሆን? ስለ እነርሱ መቅረት የቀረበው ማብራሪያ ሁሉ፣ የወጣቶቹም ሆነ የአባትዎ፣ እነርሱ ሳይጠየቁ የተሰጠ ነው። አንድ ሰው ለሁለት ወጣት ቢከፋፈል ሰባቱን በሁለት ሳምንት ማግኘት ይቻላል። ምናልባት ስለ ግእዝ አንድም ቃል የማይናገሩ ሊሆኑ ይችላሉ።

አሁን ወደ ቤትዎ እንመለስ። ለአባትዎ «ማንን ልደግፍ?» የሚለውን ጥያቄ ይዘው አይግቡባቸው፤ ዳኛ ሊያደርጓቸው የመጡ ይመስላቸዋልና። ቢችሉ እንዲህ ይበሏቸው፦ «አባዬ፣ ልጅቱ ባለፈው ፍልሰታ የተናገረችውን እኔም በደንብ አልሰማሁትም ነበር። የሚገባኝ በፍልሰታ ብቻ ነው ያለችው እርስዎ ስላስተማሯት ነው።» ከዚያ ዝም ይበሉ። ሊቆጡ ይችላሉ፤ «አሁን ልታባብይኝ ነው?» ሊሉም ይችላሉ። ቢሉም አይከራከሩ፤ ቃሉ ከገባ አድሮ ይሠራል።

ልጅዎም ያለባት ነገር አለ። የተናገረችው እውነት ቢሆን እንኳ፣ ዓይኑን ላጣ አያት እጅ መንፈግ ሌላ ነገር ነው። ይቅርታ እንድትጠይቅ አያዝዟት፤ የ19 ዓመት ልጅ በትእዛዝ የምትጠይቀው ይቅርታ ለማንም አይጠቅምም። ግን አያቷ ስክሪኑን እንደማያዩት ይንገሯት። ይህን እስከ ዛሬ አስባው ከሆነ ይገርመኛል። እጃቸውን ይዛ መሄድ እንደገና መጀመር ሐሳቧን መተው እንዳልሆነም ይንገሯት፤ በአንድ መንገድ እየሄዱ መለያየት ይቻላልና።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሁለቱ መነጋገር ከጀመሩ፣ አንድ ሐሳብ አለኝ። አባትዎ ማንበብ ቢሳናቸውም ትርጓሜው በአፋቸው አለ፤ እንደ እርሳቸው ያሉ ሊቃውንት የተማሩት በቃል ነውና። ልጅዎ ደግሞ ስልክ አላት። የቅዳሴውን አንድ አንድ ክፍል እየመረጠች ትጠይቃቸው፤ እርሳቸው ንባቡን አሰምተው ይፍቱላት፤ እርሷ በድምፅ ትቅዳው። መልካም ሆኖ ካገኙትና አስተዳዳሪው ከባረኩት በሰንበት ትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ሊለቀቅ ይችላል፤ ከዚያ ውስጥ ኦሮምኛ የሚችሉት ልጆች ወደ ቋንቋቸው ለመመለስ ይሞክሩ ይሆናል፣ አባትዎም አርመው ይሰጧቸው ይሆናል። እምቢ ቢሉ አያስጨንቋቸው፤ ለልጅቱ ብቻ ቢፈቱላትም በቂ ነው። እሺ ካሉ ግን በ«አልዕሉ አልባቢክሙ» እንድትጀምር ለእኔ ስትሉ ንገሯት፤ አያቴን ሳልጠይቃት የቀረሁትን እኔም መስማት እፈልጋለሁ።

እስከ ፍልሰታ ሁለት ወር ከምናምን አላችሁ። ለመቅዳት ጥሩው ሰዓት ማለዳ ነው፤ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ሙቀቱም አይበረታም፣ ባጃጆቹም ገና አይበዙም። ስልኩን ማታውኑ ቻርጅ አድርጋ ታሳድር።